የተቆረጠው የወንድማማቾች ወግ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አያ ሁሴን በካልሲ የተጠቀለለ ማይክሮፎን አስጨበጡኝና «እንግሊዝኛህን ለትምህርት ቤት ተወው፤ እኔ የምፈልገው አፍህን ነው» አሉኝ። ካልሲው ትንፋሼ በድምፅ ማጉያው እንዳያፏጭ ነው። ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ከተማ ወርጄ ሥራ ስፈልግ የከረምኩ ሰው ነበርኩ። የአያ ሁሴን ቪዲዮ ቤት ደግሞ ተርጓሚው ደሴ ገብቶ ቀርቶባቸው፣ ደንበኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የማይገባውን ፊልም እያየ ያጉረመርም ነበር።

የመጀመሪያው ፊልም የካራቴ ነበር። እያንዳንዱን ቃል በታማኝነት ተረጎምኩ። አንዱ ዛቻውን በአማርኛ ሳይጨርስ ተመትቶ ወደቀ፤ እኔ ግን አላቆምኩም። ከኋላ አንድ ሰው «እንዴ፣ ይሄ ሰውዬ ከሞተ በኋላ ነው የሚፎክረው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ ማይክሮፎኑን ጥዬ ወደ አምባሰል ልመለስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሰው ከወጣ በኋላ አያ ሁሴን ጠሩኝ። «ከተዋናዩ አፍ ቀድመህ ዝጋ» አሉ። «ያልገባህ ነገር ካለ ሲደባደቡ ታስበዋለህ። ስሞቹንም ቀይራቸው፤ የፈረንጅ ስም ማን ይይዛል?» እሳቸው ያስተማሩኝ ይኸው ነው። የቀረውን ተመልካቹ በስድብ አስተማረኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ከስክሪኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ብቻውን ሁሉንም ሰው ይሆናል። ሽማግሌ ሲናገር ድምፄን አወፍራለሁ፣ ሴት ስትናገር አቀጥናለሁ፣ ክፉው ሲመጣ በአፍንጫዬ አወራለሁ። ስም የማወጣው በጠባይ ነው። አንድ ጊዜ ሳላስብ ለሌባው የሰፈራችንን ሰው ስም ሰጥቼው፣ ባለስሙ ገበያ መሐል ኮሌታዬን ይዞ «ምን ሰርቄህ ነው?» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ለክፉ ሰው በሐይቅ የማንም ያልሆነ ስም እፈልጋለሁ።

አሁን ሥራው ሳስቷል። ወጣቱ ፊልም በስልኩ ያያል፤ ቤቱን ያቆመው ኳስ ነው። ፊልም የምናሳየው በገበያ ቀን ከሰዓት ብቻ ሆኗል። አያ ሁሴንም ሰው እንዳይሰለች ብለው በስተርጅና ፊልም በላፕቶፕ መቁረጥ ተማሩ። የሚቆርጡት ወሬውን ነው። «ወሬ በየደጁ ሞልቷል፤ ሰው ከፍሎ ወሬ አያይም» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸው ከቆረጡት አብዛኛው መቆረጥ የሚገባው ነበር።

የማወጋችሁ ፊልም ከደሴ በፍላሽ መጣ። ልጆቹ ሱፐር ሂሮ የሚሉትን ዓይነት ፊልም አልወድም፤ ጥይት የማይበሳው ሰው ሲዋጋ ለማን ልፍራ? ይህኛው ግን ገና ሲጀምር ያዘኝ። ጀግናው የሚፈርስ ግድብ በትከሻው ደግፎ የአንድ ከተማ ሕዝብ ከጎርፍ ያተርፋል፤ ለዚያ ሲል የታናሽ ወንድሙን እጅ ይለቃል፤ ውሃ ይወስድበታል። ከተማው ሐውልት ያቆምለታል፤ እሱ ሐውልቱን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። በኋላ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ አምባር ያገኝና ወደዚያች ቀን ይመለሳል። ዓለምን ሊያድን አይደለም፤ ወንድሙን ሊያወጣ ነው። የፊልሙ ዋና ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ የሚመኘው ማንም ሰው የሚመኘውን ነገር ነው። ስሙን «አምባው» አልኩት።

ጎርፉ ሲመጣ ሙዚቃ የለም። የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው። እኔም እዚያ ቦታ ማይክሮፎኑን ከአፌ አርቃለሁ። ተርጓሚ ዝም የሚልበት ፊልም ጥሩ ፊልም ነው።

ያስቸገረኝ ጊዜው ነው። ፊልሙ ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ትናንት ይዘላል፤ የትናንቱ አምባውና የዛሬው አምባው ደግሞ አንድ ፊት ናቸው። «አሁን ወደ ኋላ ሄደ፣ አሁን ተመለሰ» እያልኩ ብጮህ ጉሮሮዬ አይችልም። መላ ዘየድኩ፤ ወደ ኋላ ሲሄድ በባቲ ቅኝት አንጎራጎርኩ፣ ወደ ዛሬ ሲመለስ በአምባሰል። የወሎ ሰው ሁለቱን ሳይነግሩት ይለያል። «ለትናንትማ ትዝታ አይሻልም ነበር?» ያለኝ አለ። በትዝታ ብጀምር ሰው ጎርፉ ሳይመጣ አልቅሶ ይጨርሳል።

የመጀመሪያው ቀን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አምባው ወንድሙን ሲያወጣ ግድቡ ይፈርሳል፤ ግድቡን ሲይዝ ወንድሙ ይሄዳል። «ቀደር ነው፤ የተጻፈ አይፋቅም» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ታዲያ አምባሩን ማን ሰጠው? እሱም ተጽፎ ነዋ» አለ የባጃጅ ሹፌር። ፊልሙ እየሄደ እነሱ ይከራከራሉ፤ እኔም ትርጉሜን አቁሜ ጠበቅኳቸው። ሰውን እንዲህ የሚያፋጥጥ ፊልም ብዙ አላጋጠመኝም።

ድክመቱም አያንስም። መጀመሪያ አምባውን «ከትናንቱ ራስህ ጋር ከተነካካህ ትጠፋለህ» ይሉታል። መሐል ላይ ሁለቱ አምባዎች ተቃቅፈው ይላቀሳሉ፤ ማንም አይጠፋም። «አያ ይማም፣ ያልከውን ረሳህ እንዴ?» አሉኝ ከኋላ። የረሳው ፊልሙ ነው፤ ስድቡን የሚቀበለው ግን ተርጓሚው ነው። ክፉው ከሰማይ የሚወርድ ብረት ለባሽ ነው፤ ለምን እንደ ተቆጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። «ምክንያቴን ኋላ ትሰማላችሁ» አስባልኩት፤ ሳይሰሙ ቀሩ። በመጨረሻው ጦርነት ፎቅ በፎቅ ላይ ይናዳል፤ ውስጡ ማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ የለም። ለአንድ ወንድም ያን ያህል የተጨነቀ ፊልም ለዚያ ሁሉ ሰው ደንታ የለውም።

ከሁሉ የባሰብኝ ቀልዱ ነው። ሰው ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ይቀልዳል። እኔ በዚህ በኩል ትዕግሥት የለኝም።

መጨረሻው ላይ አምባው ለመጨረሻ ጊዜ ጎርፉ ውስጥ ገብቶ ወንድሙ ዘንድ ይደርሳል። ሁለቱ አንድ ቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጠው፣ ውሃው ከሥራቸው እየጨመረ፣ ያወጋሉ። ታናሹ ነገሩ ይገባዋል፤ «እናታችን ብቻዋን ናት፤ ተመለስ» ብሎ አምባሩን በገዛ እጁ ያዞርለታል። አምባው ይመለሳል፤ እናቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። የፊልሙ ምርጥ ክፍል ይኸው ነው። አያ ሁሴን ቆርጠው ጣሉት። ተከራከርኩ። «ሰው ያዛጋል» ብለው ዘጉኝ።

ከተቆረጠ በኋላ ፊልሙ ሌላ ነገር ሆነ። አምባው ዘሎ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ የወንድሙን እጅ ይይዛል፣ ስክሪኑ ነጭ ብርሃን ይሆናል፣ አለቀ። አብሮት የሄደ ነው የሚመስለው፤ ደስ ብሎት የሄደ።

ፊልሙን መጀመሪያ ባሳየንበት ዕለት ሙሄ ከግድግዳው ጋር ቆሞ ያይ ነበር። ሙሄ ዓሣ አስጋሪ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከአብዱ ጋር መረብ ሊያነሱ ወጥተው፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ሐይቁ መሐል ጀልባቸውን ገለበጠው። ሙሄ ተረፈ፤ አብዱ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ሙሄ ጀልባውን ዳር ላይ ደፍቶ የቀን ሥራ ይሠራል። አብዱ የቤታችን ደንበኛ ነበር፤ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እኔ ሳልናገር ቀድሞኝ የሚስቅ። ለዚህ ነው በፊልሙ ውስጥ ለሟቹ ስም ያላወጣሁለት። «ታናሹ» ብቻ አልኩት።

ሙሄ በሚቀጥለው ገበያም መጣ፤ በሚቀጥለውም። በሦስተኛው ሰው ሲወጣ ጠበቀኝ።

«አያ ይማም፣ ለሁሉም ስም አውጥተህ ለትንሹ ለምን ነፈግከው?»

«አልመጣልኝም።»

«ወላሂ ትዋሻለህ» አለ፤ ቁጣ አልነበረውም። «ምንም አይደል። መጨረሻ ላይ ግን እጁን ያዘው፣ አይደል? ያዘውና አብረው ሄዱ።»

«ቀሪ አለው እኮ» ልለው ስል ጀርባውን ሰጥቶኝ ከሰው ጋር ወጣ። ፊቱ ላይ ያየሁት ዕረፍት አላማረኝም።

በሚቀጥለው ገበያ ዋዜማ እናቱ እትዬ ዘሀራ ቤቴ ድረስ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ይማም ልጄ፣ ምንድነው ያሳያችሁት?» አሉኝ። «ጀልባውን አቃንቶ ቀዳዳውን ሲደፍን ሰነበተ። ወደ ሥራው ተመለሰልኝ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ። መረቡስ ስለው መረብ አያስፈልገኝም አለኝ። ንፋሱ የሚነሳበትን ሰዓት ሰው ይጠይቃል። ዛሬ ደግሞ ጎረቤቱን በሙሉ እየዞረ አፉ በሉኝ ሲል ዋለ። ሰው ይቅርታውን ሰብስቦ የት ነው የሚሄደው? አንዱን ውሃው ወሰደብኝ፤ ይሄኛው በእግሩ ሊሄድለት ነው።»

«አብሽሩ፣ አይዞዎት» አልኳቸው፤ እኔ ራሴ ግን ፈርቼ ነበር።

ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ሙሄ ጀልባው ሥር ተንበርክኮ ስንጥቁን ይደፍናል። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«እጁን ይዤው ነበር። በዚህ እጄ እሱን፣ በዚህኛው ጀልባውን። ደከመኝና ለቀቅኩት። ቀደር ነው ይሉኛል። ቀደር ይሁን፤ የለቀቀው እጅ ግን የኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ብለውታል። የኔ ሙያ ፊልም ነው፤ ስለ ፊልም ነገርኩት።

«ያየኸው መጨረሻው አይደለም» አልኩት። «አያ ሁሴን ቆርጠውታል። ታናሹ ይናገራል።»

እጁን ከጀልባው ላይ አነሳ። «ምን ይላል?»

«መጥተህ እይ። ነገ ገበያ ነው።»

«ነገ ከሰዓት ጉዳይ አለኝ» አለና ሐይቁን አየ።

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ገባኝ። «ንፋሱ ሳይነሳ እንጀምራለን» አልኩት። ከዚያ ስወጣ ሁለት አስጋሪዎች አግኝቼ፣ ዓይናቸውን ከሙሄም ከጀልባውም ላይ እንዳያነሱ ለመንኳቸው። እነሱም ጠርጥረው ኖሮ ገና ሳልጨርስ እሺ አሉ።

አያ ሁሴንን ላፕቶፓቸው ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። «የቆረጡትን ይመልሱት» አልኳቸው። «ስልኬ ላይ ሙሉው አለ።»

«በገበያ ቀን? ሁለት ሰው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ? ወንበር ይሰብሩብኛል።»

«ሙሄ ሊሞት ነው፣ አያ ሁሴን።»

ቀና አሉ። «በፊልም ምክንያት?»

«ሐዘኑ የራሱ ነው። መንገዱን ግን ፊልሙ ጠረገለት። እኛ የቆረጥነው ፊልም።»

«እኔ ወሬ ቆረጥኩ እንጂ ሰው አልነካሁም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወርዶ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣ ስልኩን።»

በማግስቱ ቤቱ ጢም አለ። ሙሄ ከጀመርን በኋላ መጣና በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጪ። ሁለቱ አስጋሪዎች ከጀርባው ነበሩ። ከመንገዱ ማዶ እትዬ ዘሀራ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሩን ያያሉ።

ጦርነቱን ያን ያህል ረጅም ሆኖ አይቼው አላውቅም። ፎቁ ይፈርሳል፣ ብረት ለባሹ ይጮኻል፣ ገና ሌላ ፎቅ አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ንፋሱ መነሳቱ ነው። ሙሄ ወደ ውጪ ዞረ። አንደኛው አስጋሪ ትከሻውን ያዝ አደረገው። በዚያች ሰዓት ያን ፊልም የሠሩትን ሰዎች ሁሉ ረገምኳቸው።

በመጨረሻ አምባው ዘሎ ጎርፉ ውስጥ ገባ። በባቲ አንጎራጎርኩ። ነጩ ብርሃን መጣ፤ ሰው መነሳት ጀመረ። ፊልሙ ግን ቀጠለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ጣሪያው ላይ ናቸው። ሙሄ ውጪ የነበረውን እግሩን አስገባ።

«ወሬ በዛ» አለ አንዱ።

«ዝም ብለህ እይ» አሉት አያ ሁሴን ከኋላ።

አምባው አንገቱን ደፍቶ «እጅህን ለቀቅኩት» አለ። ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሙሄን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም። የታናሹ መልስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያ የምጠላው ቀልድ ነው። «ሐውልት አቆሙልህ አሉ፤ አፍንጫህን አሳመሩልህ?» ነው የሚለው። እንዴት ብዬ ነው ይህን ለሙሄ የምተረጉመው? ታናሹ አፉን ከፈተ። እኔም ከፈትኩ።

«አፉ ብዬሃለሁ፣ ወንድሜ» አልኩ። «እጄን የለቀቅከው አንተ አይደለህም። ውሃው ነው የወሰደኝ።»

ታናሹ ይህን ተናግሮ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ሳቀ። አምባውም ሳቀ።

አንድ ገበሬ፣ ክፋት አስቦ ሳይሆን ግር ብሎት፣ «ታዲያ ምን ያስቃቸዋል?» አለ።

ሙሄ በአግዳሚዎቹ መሐል እየመጣ ነበር። ስክሪኑ ፊት ቆመ፤ ብርሃኑ ፊቱን መታው።

«አያ ይማም፣ የትንሹ ቃል ነው ወይስ ያንተ?»

አያ ሁሴን ፊልሙን አቆሙት። ሁለቱ ወንድማማቾች እንደ ሳቁ ቀሩ። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። የሱ ነው ብል ያ የሚስቅ ፊት ያጋልጠኛል። የኔ ነው ብል ሙሄ ዞሮ ወደ ጀልባው ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። በሥራ ዘመኔ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማይክሮፎኑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

«አፉ ብዬሃለሁ ያልኩት የኔ ነው» አልኩት። «እሱ ያለው ሌላ ነው። ቀልድ ነው የቀለደው።»

«ምን ብሎ?»

«ሐውልት አቆሙልህ አሉ፤ አፍንጫህን አሳመሩልህ? ብሎ።»

ሙሄ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ታናሹን ብዙ አየው። ትከሻው ሲንቀሳቀስ ሊወድቅ መስሎኝ ተነሳሁ። እየሳቀ ነበር። እንባው እየወረደ ይስቃል።

«አብዱ ነው» አለ። «ወላሂ አብዱም እንዲህ ነው የሚለኝ። አፉ ብዬሃለሁ ቢለኝማ አብዱ አይደለም እል ነበር።»

ፊት አግዳሚ ላይ የነበሩት ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት። ተቀመጠ። «ቀጥል» አለኝ። አያ ሁሴን ፊልሙን ለቀቁት። «እናታችን ብቻዋን ናት፤ ተመለስ» የሚለውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ተረጎምኩት። አምባው ሲመለስ በአምባሰል ማንጎራጎር ነበረብኝ፤ ድምፄ አልወጣም። አንድ ሰው ከመሐል ጀመረው፤ ሌሎቹ ተከተሉት።

ሙሄ ሲወጣ ንፋሱ ገና አልቆመም ነበር። መንገዱን ተሻግሮ እናቱን ከድንጋዩ ላይ አስነሳቸው። እሳቸው እጅጌውን ጨብጠው ያዙ፤ እስከ ቤታቸው አልለቀቁትም። አንድ ቀን ያዳነው አይመስለኝም። ያን ክረምት ሽማግሌዎቹም ጓደኞቹም አጠገቡ ነበሩ፤ መጥፎ ቀኖችም ነበሩት። አሁን ከጓደኞቹ ጋር በማለዳ ይወጣል፣ ንፋሱ ሳይነሳ ይመለሳል።

ስለዚያ ፊልም ዛሬ ብትጠይቁኝ፣ የጊዜው ሕግ አሁንም የተምታታ ነው፤ ብረት ለባሹ ለምን እንደ ተቆጣ አሁንም አላውቅም፤ ፎቁም ያለ ልክ ይፈርሳል። ቀልዱን ግን ከድክመቱ አውጥቼዋለሁ። አዲስ ተርጓሚ ሲመጣልኝ፣ ከተዋናዩ አፍ ቀድመህ ዝጋ ካልኩት በኋላ፣ ቀልዱን ቀልድ አድርገህ ተርጉም እለዋለሁ። ከተቀመጡት ውስጥ ለማን እንደሚሆን ተርጓሚው አያውቅም።